የተያዡ ጫማ

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ እንደሻው ከፈረስ መጋላ ወደ ማኪና ግርግር ስትወርድ መንገዱ ዝም ብሎ ነበር። ያ መንገድ ዝም ማለት አያውቅበትም። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው መኪናቸውን ሲያንቀጫቅጩ ነው የሚውሉት። ያን ቀን ግን ሁሉም እግራቸውን ከፔዳል አንስተው አንድ ሱቅ ላይ ዐይናቸውን ተክለዋል።

ሱቁ የማዳም ቫርሻ ነው። ቫርሻ ሃምሳ ዓመት የሞላት ህንዳዊት ስትሆን፣ የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ሰው ሲፈቀድ ጨርቅ ይዛ ሐረር ከገባች አሥራ አራት ወሯ ነው። ሥራ አስኪያጇ አብዱልፈታ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል።

ከሱቁ ጀርባ ጠባብ ግቢ አለ። ከግቢው ማዶ የጥንት የሐረሪ ቤት፤ አሁን የጣቃ መጋዘን ሆኗል። እንደማንኛውም የጁገል ቤት ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል። ተናኘወርቅ ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ጎንበስ ማለት ስለማይሆንላት ጫማዋን በእግሯ ገፍታ ወረወረችው። አንዱ ወደ ግድግዳው፣ ሌላው ወደ መድረኩ ዞሮ ቀረ።

ሬሳው ያለው በስተግራ ካለችው ጠባብ ክፍል፣ ከኪርታቷ ውስጥ ነበር። ድሮ ሙሽሮች ለሳምንት የሚዘጋባቸው ክፍል ናት፤ መስኮት የላትም። ያላት ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። አብዱልፈታ ጋቢው ከትከሻው ላይ ተንሸራትቶ፣ ራሱን ወደ በሩ አድርጎ በደረቱ ተደፍቷል። ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀላ ብሏል። ከፍራሹ አጠገብ አመድ እስከ አፉ የሞላ የከሰል ምድጃ አለ።

«ግልጽ ነው፣ አለቃ» አለ ሳጅን ቢላል፣ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ሌሊቱን ሙሉ ከጅጅጋ ዕቃ ጭኖ ሲጓዝ አድሮ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እዚህ ተኛ። ከሰል ስንቱን ጨርሷል!»

«በሩስ?»

«ገርበብ ብሎ እንጂ አልተቀረቀረም። ማዳም ስትገፋው ሬሳው ከበዳት።»

ተናኘወርቅ በበሩ ውጭ ያለውን የብረት መቀርቀሪያ በጣቷ ዳበሰችው። ለዓመታት ያልተነካ ዝገት ነው፤ መሀሉ ላይ ግን አዲስ ተፍቆ ያበራል። ከቀዳዳዋ ትክክል ወለሉ ላይ ትንሽ የኖራ ዱቄት ፈሷል። ወደ ደጃፉ ተመለሰች።

የሟቹ ቡናማ የቆዳ ጫማ ከመድረኩ ሥር ጎን ለጎን ቆሟል። አፍንጫው ወደ ግቢው ነው።

«ይህን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም የለም። እንደደረስኩ ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

«በል የሱቁን መዝጊያ አውርደው። የሚወጣም የሚገባም እንዳይኖር።»

ቆርቆሮው እየተንኳኳ ወረደ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ እስከ ጣሪያ ከተከመረ ጨርቅ ጋር፣ በአንዲት አምፖል ሥር ተዘጋባቸው። ማዳም ቫርሻ አለች። ሃያ ሦስት ዓመት ያልዘለላት፣ ከሐረር ወጣ ብላ ካለችው ከሶፊ የመጣች የገበሬ ልጅ፣ ሻጯ ሀያት አለች። ገንዘብ ያዡ ወንድወሰን አለ። ከውጭ የሰፈሩ ሰው ሹክሹክታ ይሰማል፤ እኩሉ «ፈረንጇ ናት» ሲል እኩሉ «ልጅቷ ናት» ይላል። ሬሳው በጓሮ በር ወደ ሆስፒታል ተወሰደ።

ተናኘወርቅ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከፍ ካለው የአፈር መደብ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ ማዳም ቫርሻ ገባች። አማርኛዋን የለመደችው ከገበያ ነውና ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ ትላለች፤ ማንም አይቀየማትም።

«ትናንት ከአብዱልፈታ ጋር ተጯጩኻችኋል ይባላል» አለች ተናኘወርቅ።

«እውነት ነው። እሱ ጮኸ፣ እኔ ጮኽኩ። የሀያትን አባት ሶፊ አገኘው። ‹ልጄ በአራት ሺህ አምስት መቶ ብር እንዴት ትኑር?› አለው። አብዱልፈታ መጣ፣ ‹አንቺ ማዳም አታፍሪም?› አለኝ። እኔ ዘጠኝ ሺህ ነው የምከፍል! ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ፈርሜያለሁ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እሱ፣ ‹ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ይሰብሰብ፤ የያንዳንዱ ደመወዝ ጮክ ተብሎ ይነበብ› አለ። እኔ እሺ አልኩ። ግን አላመንኩትም። ሠራተኛ ያመጣ እሱ፣ ተያዥ የሆነ እሱ። እሱ በልቶ በእኔ ያላክካል አልኩ።»

«ስብሰባ እንዳለ ማን ያውቃል?»

«ወንድወሰን ያውቃል፣ ወረቀት እንዲያዘጋጅ። እሱ ደግሞ ለሀያት ነገራት።» ቫርሻ ሻሿን በእጇ ጨበጠችው። «ሐረር ስመጣ ‹እዚህ አገር ሰው ያለ ተያዥ አይቀጠርም› አሉኝ። እሺ፣ የአገር ልማድ ነው አልኩ። ጥሩ ደመወዝ ወሰንኩ፤ ጥሩ ሰው ነኝ ብዬ ተኛሁ። አሁን ፓስፖርቴ ፖሊስ እጅ ነው። አገሬ አልሄድ፣ ሱቄን አልከፍት። ወጥመድ ውስጥ ነኝ።»

ተናኘወርቅ እስከ ደጃፉ ሸኘቻት። ማዳም ጫማዋን ለብቻው ከግድግዳው ጥግ አስጠግታ አስቀምጣ ኖሮ፣ ከዚያው አጥልቃ ሄደች። የኢንስፔክተሯ ጫማ እንደተወረወረ ነው።

ቀጥላ ሀያት ገባች። ተናኘወርቅ ከአጠገቧ ብታስቀምጣትም ከመደቡ ጠርዝ አልወጣችም።

«ከሰሉን ማን አቀጣጠለው?»

«እኔ ነኝ። ሦስት ፍም ብቻ፣ ሻይ ሊያፈላ። ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ ነው የሚተኛው። ‹ለጁምዓ ቀስቅሺኝ› ብሎኝ ነበር።»

«ቀሰቀስሽው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ መጣሁ። ጫማው ደጃፍ ላይ አልነበረም። ጫማ ከሌለ ሰው የለም፤ ቀድሞ ወደ መስጊድ ሄዷል ብዬ ሳልገባ ተመለስኩ። ወላሂ አልነበረም!»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ማዳም ጫማውን እዚሁ ነው ያየችው።»

«አውቃለሁ። እንግዲህ ማን ያምነኛል?» አለችና አለቀሰች። «ደግሞ ሰው ሁሉ ስረግመው ሰምቶኛል። ‹አላህ ይፍረድብህ› ብያለሁ። ግማሹን ደመወዜን ይወስድብኝ ነበር። ለተያዡ ነው፣ ልማዱ ነው ተባልኩ።»

«ለምን አልተውሽውም ታዲያ ሥራውን?»

«የት ልሂድ፣ እማማ? የትምህርት ማስረጃዬ እዚህ ተቆልፎበታል። ሌላ ቦታም ተያዥ ይላሉ፤ አባቴ ገበሬ ነው፣ የሱ ፊርማ አይበቃም። ጋሽ አብዱልፈታ ከዋስትና ቢወርድ በማግስቱ ጎዳና ላይ ነኝ። የዛሬው ስብሰባም እሱ ከዋስትና መውረዱን የሚነግረኝ ነበር።»

ተናኘወርቅ ቀና አለች። «እሱን ራሱን አንድ ቀን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

«ተያዥ ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደል?»

ልጅቷ ስትወጣ ነጠላ ጫማዋን በዕንባዋ ውስጥ ፈልጋ፣ ግራውን በቀኝ አድርጋ፣ ግቢው መሀል ላይ ቆማ አስተካከለችው። ተናኘወርቅ የራሷን ጫማ አየችው። አንዱ ወደ ግድግዳ፣ አንዱ ወደ መድረክ። «ወንድወሰንን ጥራልኝ» አለችው ሳጅን ቢላልን።

ወንድወሰን ሲገባ ደጃፉ ላይ ጥቂት ዘገየ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ ፊቱን ስታየው ፈገግ አለች።

«የወይዘሮ ወለተሥላሴ ልጅ አይደለህ? ጁገል ውስጥ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት?»

«ያውቋታል? አዎ፣ እዚሁ ነው ያደግኩት። የአከራዮቻችን ልጆች ወንድሞቼ ማለት ናቸው። ሠርግ ሲሆን ደጃፍ ላይ የእንግዳ ጫማ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። መቶ ሰው ገብቶ ቢወጣ አንድ ጫማ አይጠፋብኝም፣ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግም የለም።» ሳቀ፤ ወዲያው ግን ቦታው ትዝ ብሎት ፊቱን ሰበሰበ።

«እስቲ ስለ አብዱልፈታ ንገረኝ።»

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና... እጁ ረጅም ነበር። የሠራተኛውን ግማሽ ደመወዝ ለተያዥነቱ ይቆርጣል። እኔ ምን አቅም አለኝ? ማዳም የሰጠችኝን ለሱ አስረክባለሁ። ትናንት ሲነቃበት ጊዜ ማዳም ላይ ጮኸ።»

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ከሱቁ። ማዳም ለምሳ ወጣች፣ ሌላው ጁምዓ ሄደ፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አርብ አርብ ሱቁን የምጠብቀው እኔው ነኝ። ማዳም እስክትጮህ ድረስ ይህን ግቢ አልረገጥኩም። ሀያት ግን ስድስት ሰዓት ላይ ወደዚህ ስትመጣ አይቻታለሁ። አቦ፣ እኔ ልጅቷን መወንጀል አልፈልግም። ከሰሉን የምታነደው ግን እሷ ናት።»

«ጨርሰናል። ሁሉንም ጥራቸው፣ እዚሁ ይግቡ።»

ወንድወሰን ሲወጣ ተናኘወርቅ ተከትላው እስከ ግቢው ወጣች፤ አየር ለመውሰድ ያህል። እግሯን ወደ ጫማዋ ሰደደች፤ ጎንበስ ማለትም መዞርም አላስፈለጋትም። ጥቂት ቆማ፣ ጫማዋን መልሳ አወለቀችና ገባች።

ሦስቱ ከመደቡ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ሳጅን ቢላል በሩን ይዞ ቆመ። የኪርታቷ በር ከጎናቸው ክፍት ነው፤ ማንም ወደዚያ ማየት አልፈለገም።

«አብዱልፈታን የገደለው ከሰል ነው» ብላ ጀመረች ተናኘወርቅ። «በዚህ ሁላችንም እንስማማለን። ያልተስማማንበት ከሰሉን የረዳው ማን እንደሆነ ነው። ሀያት ያቀጣጠለችው ሦስት ፍም ነው። እኔ ያገኘሁት አመድ ግን ለድግስ የሚበቃ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከተኛ በኋላ ሌላ ከሰል የጨመረ አለ። ሁለተኛ፣ ራሱ ወደ በሩ ነው። ማለት ነቅቷል፣ በደረቱ ተስቦ በሩ ድረስ መጥቷል። ያልተቀረቀረ በር አጠገብ የደረሰ ሰው በሩን ይከፍታል። እሱ አልከፈተውም፤ ያኔ በውጭ ተቀርቅሮ ነበርና። የመቀርቀሪያው ዝገት ዛሬ ነው የተፋቀው። ከቀዳዳዋ ሥር ኖራ ፈሷል፤ አንድ ነገር ተጠቅጥቆባት ኋላ ተነቅሏል።»

ሀያት በመዳፏ አፏን ያዘች። «ነቅቶ ነበር?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። ሀያት ስድስት ሰዓት ላይ ጫማ አልነበረም ትላለች። ገዳይ ብትሆን እንዲህ ያለ ውሸት ምን ያደርግላታል? ‹ጫማውን አየሁ፣ ጠራሁት፣ እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ተውኩት› ብትል ይቀላት ነበር። እውነቷን ነው። ጫማውን የደበቀ ሰው አለ፤ ማንም ገብቶ እንዳይቀሰቅሰው። ቤቱን ባዶ ለማስመሰል ጁገል ውስጥ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ያው ሰው መቀርቀሪያውን ከፈተና ጫማውን መለሰ። ሲመልሰው ግን አንድ ስሕተት ሠራ። ወደ ቤት የሚገባ ሰው ጫማው ወደ ቤት እንደዞረ ይቀራል። የአብዱልፈታ ጫማ ወደ ግቢው ዞሮ ነበር፤ ሰውየው ሲወጣ እግሩን ሰተት አድርጎ እንዲያስገባ። የኋሊት ካልገባ በቀር ራሱ እንዲህ አያስቀምጠውም።»

«ማን አዞረው ታዲያ?» አለች ቫርሻ።

«እኔም እሱን ነው ስጠይቅ የዋልኩት። ጫማዬን ደጃፍ ላይ ወርውሬ ሦስታችሁን አናገርኩ። እርስዎ ማዳም የሰው ጫማ አይነኩም፤ የራስዎንም ለብቻ ነው የሚያስቀምጡት። ሀያት ዛሬ የራሷንም ጫማ ማጥለቅ አቅቷታል። ሁለታችሁ ስትወጡ ጫማዬ እንደወረወርኩት ነበር። ወንድወሰን ገብቶ ሲወጣ ግን ጎን ለጎን ቆሞ፣ ወደ ግቢው ዞሮ ጠበቀኝ።»

ወንድወሰን ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ጫማ ማዞር ወንጀል ሆነ እንዴ፣ ኢንስፔክተር?»

«አይደለም፣ ልጄ። ጨዋነት ነው። እጅህ ሳታዘው ነው የሚሠራው። ሰው ስትገድልም አልተወህም።»

«ይሄ ማስረጃ አይባልም!»

«አይባልም። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀት የሚቀመጥበትን ካዝና ቁልፍ ስጠኝ። ቁልፉ አንተ ዘንድ ብቻ ነው አይደል?»

ወንድወሰን አልተንቀሳቀሰም። ሳጅን ቢላል ከወንድወሰን ኪስ ቁልፉን አወጣና ወደ ሱቁ ሄደ። ሲመለስ ክንዱ ላይ አንድ ፋይልና በጋዜጣ የተጠቀለለ ቁራጭ ጨርቅ ይዟል። ጨርቁ ኖራ ለብሶ ነጥቷል። ከላይ ባለው የደመወዝ ወረቀት ላይ ደግሞ የጅጅጋ መንገድ ቀይ አቧራ የጫማ ሶል ቅርፅ ይዞ ታትሟል።

«ይህን ግቢ አልረገጥኩም ያልከኝ አንተ ነህ» አለች ተናኘወርቅ። «ጫማው እስከ ካዝናህ ድረስ ብቻውን አልሄደም። ሀያት፣ ነይ እዪው እስቲ። ይህ ፊርማሽ ነው?»

«የኔ ነው።» ልጅቷ ወረቀቱን አስጠግታ አነበበች። «ዘጠኝ ሺህ... ይሄን ቁጥር ግን አይቼው አላውቅም። ሲያስፈርመኝ ማስመሪያ ያስቀምጥበታል። ‹የሰው ደመወዝ ምስጢር ነው› ይለኛል።»

«ግማሹ ለተያዡ ነው፣ ለሱም እንዳታነሺበት ያለሽ ማን ነው?»

ሀያት ቀስ ብላ ወደ ወንድወሰን ዞረች። «እሱ ነው» አለች። «‹ከተቆጣ ከዋስትና ይወርዳል፣ ለራስሽ ብዬ ነው› ብሎኝ። የዛሬውንም ስብሰባ ስለ መውረዱ ነው ያለኝ እሱ ነው። አዛኝ መስሎኝ ነበር።»

«ማዳም ሠራተኛዋን በቀጥታ አትጠይቅም፣ ሠራተኛዋ ተያዡን መጠየቅ ነውር ነው፣ ተያዡም ያስቀጠራትን ልጅ ደመወዝ መጠየቅ ይከብደዋል። መሀል ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሁሉ ዝምታ አሥራ አራት ወር በላበት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝምታው ሊያልቅ ነበር። አብዱልፈታ ከሞተ ግን ሌባው እሱ ይሆናል፤ የሞተ ሰው ወረቀት አንብቦ አይከራከርም።»

ወንድወሰን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁልቁል አየ። «ልመልሰው ነበር» አለ። «በየወሩ ልመልሰው ነበር የማስበው። ማዳም ‹ነገ ይነበባል› ስትለኝ መውጫ አጣሁ። በምን በኩል ልውጣ?»

«በሩ ላንተ ክፍት ነበር» አለች ተናኘወርቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ መውጣት ትችል ነበር። መውጫ ያጣው ሌላው ነው።»

ቢላል ይዞት ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ወንድወሰን ጫማውን በቆመበት አጠለቀ፤ እሱም ወደ ውጭ ዞሮ ነበር።

ከፋይሉ ሥር የሀያት የትምህርት ማስረጃና የዋስትና ውል ተገኘ። ተናኘወርቅ ውሉን አነበበችላት። አብዱልፈታ ለሀያት ተያዥ ሲሆን የጁገል ቤቱን አስይዟል፤ ለዚህም ከማንም የተቀበለው ክፍያ እንደሌለ በእጁ ጽፎ ፈርሟል። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ ጊዜ ያዘችው።

ማዳም ቫርሻ ከመደቡ ወርዳ ፊቷ ቆመች። «ሀያት» አለቻት፣ «ደመወዝሽ ስንት ነው?»

በአሥራ አራት ወር ውስጥ ይህን ስትጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው።

«አላውቅም፣ ማዳም» አለች ሀያት።

«ከነገ ጀምሮ እኔ በእጅሽ እሰጣለሁ፤ አንቺ ቆጥረሽ ትፈርሚያለሽ። ማስመሪያ የለም። ተያዥም አልፈልግም።» ቫርሻ ሌላ ነገር ልትጨምር አስባ ተወችው። ልጅቷ አልሰማቻትም ነበር።

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ሀያት የአብዱልፈታ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች። የለቀስተኛው ጫማ መግቢያውን ሞልቶታል። የራሷን አወለቀች፣ ግን መግባት አቃታት። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ከሶላት በኋላ ስትረግመው የኖረችው ሰው ቤት ነው። ልትመለስ ስትል የሟቹ ሚስት ዘምዘም ከውስጥ አየቻት።

«የሶፊዋ ልጅ ነሽ?»

ሀያት ራሷን ነቀነቀች።

«ግቢ፣ ልጄ። ሐሙስ ማታ ለጅጅጋ ሲነሳ ስላንቺ ሲያወራኝ ነበር። ‹ፊቷን የምታጠቁርብኝ ምን አድርጌያት ይሆን፣ ነገ እጠይቃታለሁ› አለኝ።»

ሀያት ገብታ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልትል ነበር የመጣችው፤ የምትለው ሰው ግን አልነበረም።